ጨፌ ሲምብሮ የማን ናት?

እኔ ሰው ሲያርመኝ አልወድም። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ጥጋብህ አሰላን ሞልቶ ጭላሎ ተራራ ላይ ወጣ» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ተመርቄ እዚያው አሰላ አንድ መሥሪያ ቤት ካርታ ሠሪ ሆኜ ስቀጠር ደግሞ ባሰብኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ወረዳውንም ቀበሌውንም ወንዙንም ከሰማይ ቁልቁል ሳየው ሁሉንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የሰፈራችን የባጃጅ ሾፌሮች «ኢንጂነር» ይሉኛል። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። ምርጫ ሊደርስ ዓመት አይሞላም፤ የምርጫ ክልሎች ካርታ ለመጨረሻ ጊዜ ይጣራ ተብሎ ታዘዘ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የምርጫ ክልል ማለት አንድ ሰው መርጦ አዲስ አበባ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልክ አካባቢ ነው። መስመሩን የሚያጸድቁት ከላይ ያሉት ናቸው። እነሱ ግን እያንዳንዱን ጎጥ ከየት ያውቁታል? ከታች የተላከላቸውን ሐሳብ ያያሉ። ያንን ሐሳብ ደግሞ ካለፈው ምርጫ በፊት፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ያሰመረ ሰው አለ። እኔ ነኝ።

«ተነስ፣ ጨፌ ሲምብሮ ትሄዳለህ» አሉኝ አለቃዬ ወይዘሮ አስካለ።

«እዚሁ ሆኜ አጣራዋለሁ እኮ። የሳተላይት ምስሉ አለኝ።»

«ሰዎቹ ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጽፈዋል። ሄደህ አነጋግራቸው። ከተስማሙ ቃለ ጉባኤ አስፈርመህ ና፤ ካልተስማሙም ምክንያታቸውን ጽፈህ ና። ዓርብ ጠዋት ወደ ላይ ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ ተዘጋ።»

ይሄን ሲሉኝ ማክሰኞ ማታ ነበር። እየተነጫነጭኩ ረቡዕ ማለዳ ወደ ጢቾ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጨፌ ሲምብሮን ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ ስሟን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ሰዎቹ እንዳይቀየሙኝ ብዬ። ከመንገዱ ወርጄ ሞተር ተኮናተርኩ፤ ጭቃው ሞተሩን ሲይዘው ቀሪውን በእግሬ አስነካሁት። እግሬ ላይ ያለው ደግሞ አዲስ ነጭ ስኒከር! ነሐሴ ላይ፣ አርሲ ደጋ ላይ! ተወልጄ ባደግኩበት አገር እንግዳ መስዬ ጎጧ ስደርስ የስኒከሩ ቀለም ጠፍቶ ነበር።

የተቀበሉኝ ኦቦ ቃሲም ናቸው፤ የጎጧ ሽማግሌ። ብዙ ዘመን አሰላ ገብስ ሲነግዱ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ የባሰ የከተማ ነው። ከሌሎቹ ጋር በኦሮምኛ ነው ያወራነው፤ እዚህ ግን ሁሉንም በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግባ ከዝናቡ» ብለው በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝ። ወዲያው አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመሃላቸው አንዲት አሮጊት አሉ፣ አዴ ሀሊማ፤ የኦቦ ቃሲም ታላቅ እህት። ቀጭን ናቸው፤ ሲቀመጡ እንኳን ምርኩዛቸውን አይለቁም።

«ታዲያ የማን ነን?» አሉኝ ኦቦ ቃሲም። ሰላምታው ገና አላለቀም።

«እንዴት የማን?»

«አየህ፣ ድሮ ከጋራው ላይኞቹ ጋር ነበር የምንመርጠው። ካለፈው ምርጫ በፊት ግን ‹ከወንዙ ማዶ ወዳሉት ታችኞቹ ዞራችኋል› ተባልን። መንገዳችን ሲበላሽ ለላይኛው ተወካይ ልንነግር ሄድን። ‹እናንተ እኮ የእኔ አይደላችሁም፣ የታችኛው ናችሁ› አለን። አልዋሸም። ለታችኛው ሰው ላክን። ‹እመጣለሁ› አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየመጣ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ታብሌቴን አውጥቼ ካርታውን አሳየኋቸው።

«መስመሩ ዝም ብሎ አልተሰመረም፤ ተለክቶ ነው። የምርጫ ጣቢያችሁ ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ከዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ። የላይኛው ጣቢያ ግን አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ለእናንተው ታስቦ ነው።»

«ማነው ያሰመረው?» አሉ አዴ ሀሊማ።

«ከላይ ነው የመጣው» አልኩ። ዋሸሁ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ኦቦ ቃሲም ፂማቸውን እያሻሹ አጠገባቸው የተቀመጡትን አዩ። የሆነ ነገር ተጠቃቀሱ።

«ጥሩ» አሉ። «አሁን አራት ሰዓት ነው። ማዶ ትምህርት ቤቱ ጋ ዘበኛ አለ። ሂድና ‹መጥቶ ነበር› የሚል ፊርማ ከእሱ አምጣልኝ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር ሳይደርስ ከተመለስክ ወላሂ አንድ ሰው ሳይቀር አስፈርምልሃለሁ።»

«ዙሁር? ለግማሽ ሰዓት መንገድ?»

«እኛ ቀርፋፎች ነን ብዬ ነው» አሉ።

ወንድ ልጅ ሲነኩት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ታብሌቴን እዚያው ትቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ገብሱ እስከ ወገቤ ነው፤ ውሃውን ሁሉ ሱሪዬ ላይ ያራግፈዋል። ልክ በአምስት ደቂቃ የወንዙ ድምፅ ተሰማኝ። በሰባት ደቂቃ ዳሩ ላይ ቆምኩ።

ካርታዬ ላይ ያ ወንዝ ቀጭን ነጭ ክር ነው። መሃሉን የእግር መንገድ ያቋርጠዋል፤ ፍየል ዘልላ የምታልፈው ዓይነት። አሁን የማየው ግን ቡናማ ውሃ ነው፤ ግንድ ይዞ የሚሮጥ፣ ከዳር እስከ ዳር ያበጠ። የእግር መንገዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማዶ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ይታየኛል። ቆርቆሮው፣ የባንዲራው እንጨት፣ ሁሉም ይታየኛል። ዘበኛው ደጁ ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። ያኔ ነው ምስሉ የተነሳው ጥር ወር ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይመለሳል። እኔ ግን ዞር ስል ከላይ ገብሱ ጫፍ ላይ ጭንቅላቶች አየሁ። እየተከታተሉኝ ነው። «አሁን ከተመለስኩማ ሞቼ ልገኝ» አልኩና ገባሁ። መጀመሪያ እስከ ጉልበቴ ነበር። ሁለት እርምጃ ጨመርኩ፤ እስከ ጭኔ። ሦስተኛው ላይ ከስሬ ድንጋዩ ተንከባለለና መሬት አጣሁ።

ከዚያ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ውሃው አፌ ውስጥ፣ አሸዋው ዓይኔ ውስጥ። «እማዬ» ያልኩ ይመስለኛል። ጎኔን የሆነ ነገር መታኝ፤ የወደቀ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ተጠመጠምኩበት። ከዳር የሰዎች ጩኸት ሰማሁ፤ ገመድ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አራት ሆነው ጎትተው አወጡኝ። ገመዱን ከየት አመጡት እንዳትሉኝ፤ ከቤት ስወጣ ጀምሮ ይዘውት እየተከተሉኝ ነበር። ልቅም አድርገው ያውቁት ነበር ማለት ነው! አንዱ ስኒከሬ ሄዷል። አንዱ እግሬ ላይ አለ።

«እኛ እኮ ዳሩን አይተህ ትመለሳለህ ብለን ነው» አሉ ኦቦ ቃሲም፤ ፊታቸው ደንግጧል። «ማን ግባ አለህ? አንተ እብድ!»

ልብሴን አስወልቀው፣ በወፍራም ቡልኮ ጠቅልለው፣ እሳት ዳር አስቀመጡኝ። አዴ ሀሊማ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ ከትኩስ ወተት ጋር። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ በላሁ። እሳቸው ከመሶብ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የመራጭነት ካርድ ነው። ያለፈው ምርጫ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄን ያወጣሁት መጋቢት ላይ ነው። ያኔ ወንዙ ውሃ የለውም፤ ቀሚሴን እንኳን ሳልሰበስብ ተሻግሬ ተመዘገብኩ። ሰኔ ላይ የምርጫው ቀን ሲደርስ ያየኸውን ሆነ። ድልድይ ባለበት በኩል ልዙር ብል በመኪናም ቀን ይፈጃል፤ መኪናም የለ። ከማለዳ ጀምሬ ዳሩ ላይ ተቀምጬ ‹ይጎድላል፣ ይጎድላል› ስል ዋልኩ። ማዶ ሰዉ ተሰልፎ ይታየኛል። የማውቃቸውን በስማቸው እጠራቸዋለሁ። ሲመሽ ሳጥኑን ይዘው ሄዱ።»

ካርዱን መልሰው በፕላስቲኩ ጠቀለሉት።

«ያሰመረው ሰው» አሉ፣ «ክፉ ሰው ነው አልልም። ግን እናት የለውም?»

ሰው ሲያርመኝ አልወድም አላልኳችሁም? ስህተቴን መናገርማ ጭራሽ። ያን ቀን ግን በሰው ቡልኮ ተጠቅልዬ፣ የሰው ጭኮ እየበላሁ፣ ባወጡኝ ሰዎች መሃል ቁጭ ብዬ መዋሸት አልቻልኩም። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«አዴ» አልኳቸው፣ «መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

አዴ ሀሊማ ምርኩዛቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«መጥተህ አይተኸን?»

«አይ። በፎቶ።»

«ፎቶው ላይ እኔ አለሁ?»

«የሉም፣ አዴ።»

እንባዬ መጣ። በጢሱ አሳብቤ ዓይኔን አሸሁ፤ ማንም አላመነኝም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ኦቦ ቃሲም ድንገት ሳቃቸውን ለቀቁት። «ሦስት አቤቱታ ጻፍን፤ መልስ ጠፋ! አላህ ደግሞ ሰውየውን ራሱን አጥቦ አመጣልን!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቅሁ። አዴ ሀሊማ ብቻ አልሳቁም።

«ነገ ከእኔ ጋር ወደ ላይኛው ጣቢያ ትሄዳለህ» አሉኝ። «በእኔ እግር።»

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥተን ለወይዘሮ አስካለ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለምን ጣቢያ እዚያው አንከፍትላቸውም?» አሉ። «ሳጥኑ ጎጡ ድረስ ይሄዳል፤ መስመሩም አይነካም።»

ሐሳቡን ለኦቦ ቃሲም ነግሬ ስልኩን ሰጠኋቸው። «እመቤቴ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉ። «ሳጥኑ ይመጣል እንበል። ሳጥን የአንድ ቀን ነገር ነው። ሰውየውስ? አምስት ዓመት ሙሉ በየክረምቱ ከማዶ ሊጮህልን ነው? እኛ በእግራችን ደርሰን ደጁን የምናንኳኳው ሰው ነው የምንፈልገው።»

ወይዘሮ አስካለ እንደገና እኔን አስጠሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማ። መስመሩ ይቀየር ብለህ ከጻፍክ የመጀመሪያው ለምን እንደተሳሳተም መጻፍህ አይቀርም። እድገትህ ደግሞ በዚህ ወር ነው የሚታየው። እኔ አላስገድድህም። አስብበት።»

አሰብኩበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «በቴክኒክ ምክንያት» ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር። ቃሉን እንኳን መርጬ ጨርሼ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አዴ ሀሊማ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እኔ የኦቦ ቃሲምን ቦቲ ጫማ አድርጌ ወጣን። ቦቲው ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ዝናቡ አላቆመም። መንገዱ በጋራው ጀርባ ላይ የሚሄድ ድንጋያማ ነው፤ ውሃው ከግራም ከቀኝም ይወርዳል እንጂ መሃሉ ላይ አይቆምም። ሰዓቴን ይዣለሁ። እሳቸው ሲያርፉ አርፋለሁ፤ ሲነሱ እነሳለሁ። ሁለት ጊዜ እጄን ልሰጣቸው ብል መቱኝ።

«አንተስ ትመርጣለህ?» አሉኝ በሦስተኛው እረፍት ላይ።

የእኛ ሰፈር ምርጫ ጣቢያ ከቤታችን ጀርባ ነው። ያለፈው ምርጫ ቀን የሰልፉ ጫጫታ ከእንቅልፌ ስለቀሰቀሰኝ መስኮቱን ዘግቼ ተመልሼ ተኝቻለሁ።

«አይ፣ አዴ» አልኳቸው።

«ሩቅ ነው?»

«አይደለም።»

ተነስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ላይኛው ጣቢያ ስንደርስ ከተነሳን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ኮምፒውተሬ አንድ ሰዓት ያለው መንገድ። ግን ደርሰናል። ነሐሴ ላይ፣ በዝናብ፣ በእሳቸው እግር። ጎጧ ስንመለስ ሰዉ ሁሉ «ወደ ላይኛው እንመለስ» በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ። እኔ ደግሞ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የቀድሞውን መስመር ያቀረብኩት ቦታውን ሳላይ፣ ወንዙ በደረቀበት ወር የተነሳ ምስል ተመልክቼ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄን የመጨረሻውን ማውጣት ትችላለህ» አሉኝ።

«ይቆይ።»

ማኅተማቸውን መቱ። እድገቱን አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አገኘ። አልዋሻችሁም፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፌ ሰንብቻለሁ፤ «እንኳን ደስ አለህ» ያልኩት በስምንተኛው ቀን ነው። ወራት ቆይቶ የጸደቀው ካርታ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት አንዲቷን ጎጥ ነው። ወደ ላይኞቹ ተመልሳለች። ቢሮ ውስጥ ብድግ ብዬ ጮህኩ። ስደውልላቸው ኦቦ ቃሲም «አልሃምዱሊላህ» አሉና ወዲያው «ቦቲዬንስ መቼ ነው የምትመልሰው?» አሉኝ።

ሰኔ ላይ ምርጫው ደረሰ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታችን ጀርባ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ እግሬን ሲደክመኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ከሰዓት ላይ ኦቦ ቃሲም ደወሉ። ወንዙ ሞልቷል፤ እህታቸው ግን በሌሊት ተነስተው ሽቅብ ሄደው፣ መርጠው፣ ተመልሰው እግራቸውን እየታጠቡ ነው። ማንን እንደመረጡ ቢጠይቋቸው «አንተን ምን አገባህ» ብለዋቸዋል።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ የምትኖሩበት ቦታ የየትኛው ምርጫ ክልል እንደሆነ ታውቃላችሁ? መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍስ? የሚያሰምረው ሰው የሚሳሳተው ክፉ ስለሆነ አይደለም። እኔ ማንንም አልጠላሁም ነበር፤ ሻዬን እየጠጣሁ ነው የሰውን አምስት ዓመት ወንዝ ማዶ ያሻገርኩት። ዛሬ አዲስ ልጅ ቢሯችን ሲቀጠር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምስሉ የየትኛው ወር ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እዚያ ያሉት ትልቋ ሴትዮ በስንት ሰዓት ጣቢያው ይደርሳሉ?» የሚል። ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አሁንም ሰው ሲያርመኝ ፊቴ ይቀላል፤ ግን እሰማለሁ። ማታም ሰላም ነው የምተኛው።

ከምርጫው በኋላ አንድ የገበያ ቀን ለሥራ ወደ ላይኛው ከተማ ወጥቼ ነበር። ያሸነፈው ተወካይ ሕዝቡን ሊያመሰግን መጥቶ ቆሞ ያወራል። ሲጨርስ ሰዉ ተገፋፍቶ ከበበው። በዚያ ግፊያ መሃል አንድ ምርኩዝ ሰዉን እየቆረቆረ መንገድ ሲያስከፍት አየሁ። አዴ ሀሊማ ናቸው። ፊቱ ሄደው ቆሙና ሽቅብ አዩት።

«ሀሊማ እባላለሁ፣ ከጨፌ ሲምብሮ» አሉት። «ያንተ ነኝ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «እንኳን ደህና መጡ፣ አዴ። ምን ልታዘዝ?»

«ብዙ ነው፤ ቆመህ አትችለውም። ተቀመጥና ጻፍ።»

ሰዉ አውካካ። ተወካዩ ግን አንድ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ኪሱን ቢዳብስ ብዕር እንጂ ወረቀት የለውም። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ሁለት ቅጠል ቀደድኩና ሰጠሁት። አዴ ሀሊማ አዩኝ፣ እጄን አዩ፣ «ጨምርለት» አሉኝ።